የሆኪ ዓለም ዋንጫ፦ ገና ተጫውተው ያደጉ ሰዎች የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ነገሩ የጀመረው በኛ ጥር 2015 ላይ ነው። ገና አልፏል፣ ጥምቀት ደርሷል፣ ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ በቁር ታንቀጠቅጣለች። እኔ አንድ ቡና ቤት ጥግ ይዤ ስልኬ ላይ የሆኪ ዓለም ዋንጫ አያለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ የመንዝ አዛውንት አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ስልኬን አዩና «ልጄ፣ ይሄ ገና አይደል እንዴ? ፈረንጅም ገና ይጫወታል?» አሉኝ። ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አስረዳኋቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈሩ «የሆኪው ልጅ» ብሎኝ ቀረ፣ ዲኤስቲቪ ቤት በገባሁ ቁጥር አንዱ ተነስቶ ይጠይቀኛል። ጥያቄዎቹ ደግሞ ያው ናቸው፣ ዞረው ዞረው ይመጣሉ። ስለዚህ ሰብሰብ አድርጌ እዚህ ጻፍኳቸው። ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፤ በኛ አቆጣጠር ስናገር «በኛ» እላለሁ።

ሆኪ ማለት ያው ገና ማለት ነው?

ዘመድ ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ሁለቱም ጋ ጫፉ የቆለመመ ዱላ አለ፣ ጠንካራ ኳስ አለ፣ ሁለት ወገን አለ። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል።

ገና ላይ ሚና ተለይቶ የላይኛው መንደር ከታችኛው ሲገጥም ስንት ለስንት እንደሆኑ የሚቆጥር ሰው አይቼ አላውቅም። የመጣ ይገባል፣ የደከመው ይወጣል፣ ሜዳው ደግሞ ከአጨዳው ማሳ እስከ ወንዙ ነው። ሆኪ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ነው። ሜዳው 91.4 ሜትር በ55 ሜትር፣ ጨዋታው አራት ጊዜ 15 ደቂቃ። የኛ ሩር ከእንጨት ወይም ከቆዳ ነው፤ የነሱ ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም የሚመዝን ጠጣር ፕላስቲክ ነው። ቅልጥም ላይ ሲያርፍ ግን ሁለቱም አንድ ቋንቋ ነው የሚናገሩት።

ትልቁ ልዩነት ዱላው ላይ ነው። የሆኪ ዱላ በግራ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ በሌላው ጎኑ ድቡልቡል ነው፣ ኳሱን መምታት የሚፈቀደው በጠፍጣፋው ብቻ ነው። ለግራኝ የሚሠራ ዱላም የለም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚይዘው። ይሄን ስነግረው ግራኝ የሆነው ጓደኛዬ «በቃ እኔ አላይም» ብሎ ተነስቶ ሄደ።

ሌላው ዳኛው ነው። እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለን ያን ቀን ሎሌው ጌታውን ቢያጠቃው እንኳ ይታለፋል። ሆኪ ላይ ሦስት ካርድ አለ። አረንጓዴ ካየህ ሁለት ደቂቃ ትወጣለህ፣ ቢጫ ካየህ ቢያንስ አምስት፣ ቀይ ከሆነ አትመለስም።

የዓለም ዋንጫውን ማን አሰበው? እንግሊዞች ናቸው አይደል?

ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያስበው፣ እኔም አስብ ነበር። እንግሊዞች ጨዋታውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕግ አበጁለት፣ ወታደሮቻቸው ደግሞ ወደ ህንድ ይዘውት ሄዱ። ዋንጫውን ያሰበው ግን ፓኪስታናዊ ነው። ኤር ማርሻል ኑር ካን ይባላል። የፓኪስታን አየር ኃይል አዛዥ የነበረ፣ አየር መንገዱንም የመራ፣ የአገሩ የሆኪ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትም የሆነ ሰው ነው። «ወርልድ ሆኪ» የሚባል መጽሔት ያዘጋጅ ከነበረው ከእንግሊዛዊው ፓትሪክ ሮውሊ ጋር ሆነው ሐሳቡን በ1969 ለዓለም አቀፉ የሆኪ ፌዴሬሽን አቀረቡት፣ ተቀባይነትም አገኘ።

ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ የሆኪ ትልቁ መድረክ ኦሎምፒክ ብቻ ነበር፣ አራት ዓመት ጠብቀህ አንዴ። ፌዴሬሽኑ ራሱ የተወለደው በኦሎምፒክ ጦስ ነው፤ ሆኪ «ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የለውም» ተብሎ ከ1924ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ሲወጣ፣ ፖል ሌኦቴ የሚባል ፈረንሳዊ በዚያው ዓመት እዚያው ፓሪስ መሠረተው። ኦሎምፒኩ ላይ ደግሞ ህንድ ቤቷን ሠርታ ነበር። ከ1928 እስከ 1956 ስድስት ወርቅ በተከታታይ። ያንን ሰንሰለት የበጠሰችው ፓኪስታን ናት፣ በ1960 ሮም ላይ፣ በፍጻሜው ህንድን 1 ለ 0 አሸንፋ። አዎ፣ ያ ሮም። የኛ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠበት። እኛ ሮምን በማራቶኑ እናስታውሳታለን፣ ላሆር ላይ ያለ ሽማግሌ ግን ሮም ስትለው ሆኪውን ነው የሚያወራህ።

ታዲያ የመጀመሪያው ዋንጫ ለምን ፓኪስታን ላይ አልተደረገም?

ይሄ ነው ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ክፍል። ዕቅዱ እዚያ ነበር። ድግሱን ያሰበ ቤት ድግሱን ያወጣል፣ ወግ ነው። ግን ጊዜው 1971 ነው። ህንድና ፓኪስታን በ1965 ተዋግተው ቂሙ ገና አልበረደም። ምሥራቅ ፓኪስታን፣ ያሁኗ ባንግላዴሽ፣ እየታመሰች ነው። የህንድ ቡድን ፓኪስታን ምድር ሊረግጥ ነው ሲባል ተቃውሞ ተነሳ። ከተቃዋሚዎቹ ፊት ከቆሙት አንዱ የቀድሞው የክሪኬት አምበል አብዱል ሃፊዝ ካርዳር ነበር። ስፖርተኛው ራሱ «እንዳይመጡ» ሲል ሌላው ምን ይበል። ፌዴሬሽኑም ፈራና ውድድሩን ወደ ስፔን፣ ባርሴሎና አዛወረው።

በኛ ጥቅምት 1964 መሆኑ ነው። አሥር ቡድኖች ተሰበሰቡ። እና ምን ሆነ? በግማሽ ፍጻሜ ፓኪስታንና ህንድ እዚያው ባርሴሎና ተገናኙ! ጠብ ፈርተህ ሠርጉን ሌላ አገር ብታዞረው ባላንጣዎቹ ተከታትለው ይመጣሉ። ፓኪስታን 2 ለ 1 አሸነፈች፣ በፍጻሜው ደግሞ አስተናጋጇን ስፔንን 1 ለ 0። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሐሳቡን ያመጣው አገር ሆነ፣ ግን በሰው ሜዳ። ከዚያ አንድ ወር ተኩል እንኳ ሳይሞላ፣ ዲሴምበር ላይ፣ ሁለቱ አገሮች የምር ጦርነት ገቡ።

ፓኪስታን የወንዶቹን ዋንጫ በቤቷ ያየችው በ1990 ላሆር ላይ ነው፣ ካሰበችው ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ። ፍጻሜም ደረሰች። ኔዘርላንድስ 3 ለ 1 አሸንፋት ይዛው ሄደች።

ዋንጫው ራሱ ምን ይመስላል?

ያምራል። እሱም የፓኪስታን እጅ ነው፤ ባሺር ሙጂድ የሚባል ሰው ነደፈው፣ የፓኪስታን ጦር ሠራተኞች ሠሩት። ብርና ወርቅ አለው፣ አናቱ ላይ ሉል አለ፣ ከሉሉ በላይ ደግሞ ዱላና ኳስ። ማርች 1971 ብራስልስ ላይ ለፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ለሬኔ ፍራንክ አስረከቡት። ልብ በሉ፣ ዋንጫውን ሠርተው የሰጡት ሰዎች ውድድሩን ግን አላስተናገዱም።

እስካሁን ማን ስንት ጊዜ ወሰደ?

ከ1971 እስከ 2023 ድረስ ወንዶቹ አሥራ አምስት ጊዜ ተጫውተዋል። ፓኪስታን አራት (1971፣ 1978፣ 1982፣ 1994)። ኔዘርላንድስ ሦስት (1973፣ 1990፣ 1998)። አውስትራሊያ ሦስት (1986፣ 2010፣ 2014)። ጀርመን ሦስት (2002፣ 2006፣ 2023)። ህንድ አንድ፣ በ1975። ቤልጅየም አንድ፣ በ2018።

መጀመሪያ ላይ በየሁለት ዓመቱ ነበር፣ ከዚያ ሦስት ሆነ፣ ከ1978 በኋላ አራት ላይ ረጋ። የመጨረሻው ብቻ በአንድ ዓመት ገፋ ብሎ 2023 ላይ ሆነ።

ህንድ አንድ ብቻ? ያቺ ሁሉ ወርቅ የሰበሰበች ህንድ?

አንድ ብቻ። ያውም ሁለት ሊሆን ምን ቀረው። በ1973 አምስተልፌን ላይ በፍጻሜው ኔዘርላንድስን 2 ለ 0 እየመራች ነበር። አስተናጋጇ አቻ አደረገች፣ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄዱ፣ ህንድ 4 ለ 2 ተሸነፈች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኩዋላ ላምፑር ላይ ግን ፓኪስታንን 2 ለ 1 አሸንፋ ወሰደችው። የማሸነፊያዋን ግብ ያገባው አሾክ ኩማር ነው። አባቱ ዲያን ቻንድ ነው፣ በ1928፣ በ1932 እና በ1936 ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደው፣ ህንዶች እስከ ዛሬ የሆኪ ጠንቋይ የሚሉት። ፓኪስታኖች ግን «ኳሷ የግቡን ብረት መትታ ተመለሰች እንጂ አልገባችም» ብለው ተሟግተዋል። ያኔ የቪዲዮ ዳኛ የለም፣ ዳኛው ካለ አለ ነው። እንዲህ ያለ ክርክር ገና ላይ ቢነሳ እስከ ጥምቀት አያልቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ነካቸው? ህንድና ፓኪስታን የት ገቡ?

ሜዳው ተቀየረባቸው።

ይሄ ጥያቄ ሲመጣ ወንበሬን ሳብ አድርጌ ነው የምመልሰው። ሆኪ ድሮ ሣር ላይ ነበር የሚጫወተው። ሣር ላይ ኳሷ ትነጥራለች፣ ትጠማዘዛለች፣ እንደ ልቧ ናት። እሷን ዱላ ላይ አጣብቆ ሦስት ሰው አታልሎ ማለፍ የእጅ ጥበብ ይጠይቃል፣ ህንድና ፓኪስታን ደግሞ በዚያ ተወዳዳሪ አልነበራቸውም። በ1976 የሞንትሪያል ኦሎምፒክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሠራሽ ሣር ተነጠፈ። ምንጣፍ በሉት። ምንጣፉ ላይ ኳሷ እንደ ጥይት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። አሁን የሚፈለገው ሩጫ፣ ጉልበት፣ ረጅም ቅብብል ነው።

ችግሩ ገንዘቡም ነው። ምንጣፉ ውድ ነው፣ ብዙዎቹ ሜዳዎች ከጨዋታ በፊት ውኃ ይርከፈከፍባቸዋል፣ ያውም ብዙ ውኃ። ኔዘርላንድስ ክለብ ለክለብ ታነጥፋለች። የፑንጃብ ገበሬ ልጅ ግን ሣር ላይ አድጎ፣ ብሔራዊ ቡድን ሲጠራ ነው ምንጣፉን ደህና አድርጎ የሚረግጠው። እኛ አገር አፈር ላይ ኳስ ያደገ ልጅ ስታዲየም ሲገባ የሚሆነውን አስቡት።

በ1986 ለንደን ላይ ከአሥራ ሁለት ቡድን ፓኪስታን አሥራ አንደኛ፣ ህንድ አሥራ ሁለተኛ ወጡ። ከአራት ዓመት በፊት ቦምቤይ ላይ ዋንጫውን ያነሳችው ፓኪስታን ናት እኮ! ህንድ ከ1975 ወዲህ እዚህ ዋንጫ ላይ ሜዳሊያ አላገኘችም። ፓኪስታን በ2014 ጭራሽ ሳታልፍ ቀረች፣ 2023ም ላይ አልነበረችም።

ሁሉንም ነገር በምንጣፉ ማሳበብ ግን አልወድም። ፓኪስታን በ1994 ሲድኒ ላይ ምንጣፍ ላይ ነው ያሸነፈችው። አውሮፓና አውስትራሊያ አሠልጣኝ ላይ፣ አካል ብቃት ላይ ሠርተዋል፣ እነዚያ ደግሞ በድሮ ዝና ተኝተዋል። ምንጣፉ በሩን ከፈተው፣ የገባው ሰው ግን በእግሩ ነው የገባው።

ስለ ሞንትሪያል አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፈው። ሞንትሪያል ለኛ ምሩጽ ይፍጠር ያልሮጠበት ኦሎምፒክ ነው። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫወተ፣ ኒውዚላንድ ትውጣ ሲባል እምቢ ተባለ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ አገር ጥሎ ወጣ። በዚያ ኦሎምፒክ፣ በዚያ አዲስ ምንጣፍ ላይ፣ የሆኪውን ወርቅ የወሰደው ማን ነው? ኒውዚላንድ። አውስትራሊያን 1 ለ 0። ይሄን ያወቅሁ ቀን ብቻዬን ነው የሳቅሁት፣ ወይም የተናደድኩት፣ አላውቅም።

ከፍጻሜዎቹ ሁሉ የቱን ባይ ይሻለኛል?

ሦስት እሰጣችኋለሁ።

የ1994ቱን ለታሪኩ። ፓኪስታን ከኔዘርላንድስ፣ 1 ለ 1 አለቀ፣ በፍጹም ቅጣት ምት ፓኪስታን 4 ለ 3። በረኛው ማንሱር አህመድ አዳነና አምበሉ ሻህባዝ አህመድ ዋንጫውን አነሳ። የሚገርመው አሠልጣኙ ነው፤ ሃንስ ዮሪትስማ ሆላንዳዊ ነው። በ1990 ኔዘርላንድስን ይዞ ላሆር ላይ ፓኪስታንን ያሸነፈው እሱ፣ አራት ዓመት ቆይቶ ፓኪስታንን ይዞ የገዛ አገሩን አሸነፈ። እኛ ሰፈር ቢሆን ዘመዶቹ እንኳን ደስ ያለህ ሊሉት ይመጡ ይሆን?

የ2018ቱን ለልብ ድካም። ቡባኔሽዋር፣ ቤልጅየም ከኔዘርላንድስ፣ 0 ለ 0። ያኔ ፍጹም ቅጣት ምቱ ቀርቶ አዲስ አሠራር መጥቷል፤ ተጫዋቹ ከ23 ሜትር መስመር ተነስቶ ብቻውን ከበረኛው ጋር ይፋጠጣል፣ ያለው ጊዜ ስምንት ሰከንድ ነው። ቤልጅየም የመጨረሻውን አገባች ተብሎ ተጫዋቾቹ ሜዳውን ሞልተው ጨፈሩ፣ ተቃቀፉ። ቪዲዮው ታየ፤ ኳሷ እግር ነክታለች። ግቡ ተሰረዘ። ጭፈራው ተቋርጦ እንደገና ወደ ቦታቸው። ደግነቱ በስተመጨረሻ አሸነፉ፣ 3 ለ 2፣ ሁለተኛ ጊዜም ጨፈሩ።

የ2023ቱን ደግሞ ለትዕግስት። ጀርመኖች በሩብ ፍጻሜ በእንግሊዝ 2 ለ 0 ተመርተው፣ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አቻ አድርገው በመለያው አለፉ። በግማሽ ፍጻሜ በአውስትራሊያ 2 ለ 0 ተመርተው በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች 4 ለ 3 አሸነፉ። በፍጻሜ በቤልጅየም፣ አሁንም 2 ለ 0 ተመርተው፣ 3 ለ 3 ወጥተው፣ በመለያው 5 ለ 4። ቀኑ በኛ ጥር 21 ነበር፣ አስተርእዮ ማርያም። እኔ ንግሥ ሄጄ ከመጣሁ በኋላ ነው ያየሁት፣ ሁለት ለባዶ ሲሆን አጠገቤ የነበረው ልጅ «አለቀ» ብሎ ሊወጣ ሲል ክንዱን ይዤ ነው ያስቀመጥኩት።

ለምንድን ነው ሁሌ ህንድ ላይ፣ ያውም ኦዲሻ የሚባል ቦታ የሚደረገው?

ሁሌ አይደለም፣ 2018 እና 2023 ተከታትለው ስለመጡ ነው። ኦዲሻ የህንድ አንዱ ክልል ነው፣ ክልሉ የብሔራዊ ሆኪ ቡድኑ ስፖንሰር ነው። በ2023 ከቡባኔሽዋር በተጨማሪ ሩርኬላ ላይ አዲስ ስታዲየም ተሠራ፣ ከ20,000 በላይ ወንበር ያለው፣ በቢርሳ ሙንዳ ስም የተሰየመ። ሩርኬላ የብረት ፋብሪካ ከተማ ናት፤ ደብረ ብርሃን ሲባል ብርድ ልብስ ፋብሪካው እንደሚታወሰን እዚያም ብረቱ ነው የሚታወሰው።

እኔን የሳበኝ ግን ስታዲየሙ አይደለም። በዙሪያው ያለው ወረዳ ሱንደርጋር ይባላል፣ ብዙ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች የወጡበት ነው፣ የቀድሞው አምበል ዲሊፕ ቲርኪም የዚያ ልጅ ነው። በየገጠሩ ልጆች በባዶ እግር፣ አፈር ላይ፣ ከቀርከሃ ወይም ከዛፍ ቅርንጫፍ በቆረጡት ዱላ ይጫወታሉ። የመንደር ውድድር አላቸው። ሽልማቱ ምን መሰላችሁ? ፍየል። ያሸነፈ መንደር ፍየሉን እየነዳ ቤቱ ይገባል። ይሄን ለመንዙ አዛውንት ስነግራቸው «በግ ቢያደርጉት ነው እንጂ» አሉ። የመንዝ ሰው ሌላ ምን ሊል ነው።

ሴቶቹስ?

ሴቶቹ በ1974 ጀመሩ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ማንደልዩ በምትባል ከተማ፣ ኔዘርላንድስ አርጀንቲናን 1 ለ 0 አሸነፈች። ከዚያ ወዲህ ኔዘርላንድስ አልጠገበችም፤ እስከ 2022 ድረስ ከአሥራ አምስት ዋንጫ ዘጠኙን ወስዳለች። የቀረውን ጀርመን፣ አውስትራሊያና አርጀንቲና ሁለት ሁለት ተካፈሉት። የወንዶቹ ላይ ማን እንደሚያሸንፍ መገመት ከባድ ነው፣ የሴቶቹ ላይ ግን ብርቱካናማ ማሊያ የለበሱትን ካልክ ብዙ ጊዜ አትሳሳትም።

አንድ ስም ብቻ ያዙልኝ፦ ሉሲያና አይማር። አርጀንቲናዊት ናት፣ «አስማተኛዋ» ይሏታል፣ ስምንት ጊዜ የዓለም ምርጥ ተጫዋች ተብላለች። በ2010 ዋንጫውን ያነሳችው በተወለደችበት ከተማ በሮዛሪዮ ነው። ሜሲም የሮዛሪዮ ልጅ ነው፤ ዲኤስቲቪ ቤት ይሄን ከተናገርኩ በኋላ ነው ልጆቹ ስለሷ መጠየቅ የጀመሩት።

አፍሪካ ምን አድርጋለች?

ከምትገምቱት በላይ። በዚያ በመጀመሪያው የባርሴሎና ዋንጫ አራተኛ የወጣችው ማን ናት? ጎረቤታችን ኬንያ። ለሦስተኛነት ከህንድ ጋር ተጫውታ፣ ተጨማሪ ሰዓት ድረስ ሄዳ 2 ለ 1 ነው የተሸነፈችው። የኬንያ ቡድን ያኔ በአመዛኙ የባቡር ሐዲዱ ዘመንና ከዚያ በኋላ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ህንዳውያን ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩበት፤ አቭታር ሲንግ ሶሃል የሚባለው ዝነኛ ተጫዋቻቸው አራት ኦሎምፒክ ላይ ተሳትፏል። በወንዶቹ ዋንጫ ከኬንያ የተሻለ ውጤት ያመጣ የአፍሪካ አገር እስከ 2023 ድረስ የለም። ጋና በ1975 ነበረች፣ አሁን አሁን ደቡብ አፍሪካ ናት የምትታየው።

ከዓለም ዋንጫው ወጣ ልበልና የዚምባብዌን ልንገራችሁ፣ ካልነገርኩ ያመኛል። 1980፣ ሞስኮ ኦሎምፒክ። የሴቶች ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ፣ ግን በአፍጋኒስታን ጦርነት ምክንያት ብዙ አገር ቀረ፣ ቡድን ጎደለ። ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩ ዚምባብዌ ተጠራች፤ ነፃ ከወጣች ገና ወራት ነው። ሴቶቹ ተሰባስበው ሄዱ፣ ወርቁን ይዘው ተመለሱ። ያው ሞስኮ ላይ የኛ ምሩጽ ሁለት ወርቅ የወሰደበት ኦሎምፒክ ነው። በሬዲዮ የምሩጽን ሩጫ ያዳመጡ የሰፈሬ ትልልቅ ሰዎች የዚምባብዌን ነገር ከኔ ነው መጀመሪያ የሰሙት።

ኢትዮጵያ ለምን የለችም? እኛ እኮ ነን የጨዋታው ባለቤት!

ይሄ ጥያቄ ሁልጊዜ በቁጣ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከሁለተኛው ጠላ በኋላ። ኢትዮጵያ የሆኪ ዓለም ዋንጫ ላይ ተሳትፋ አታውቅም።

ባለቤት ነን የሚለውን ቀስ እንበል። እረኞች የጌታን ልደት ሰምተው በደስታ በዱላቸው ተጫወቱ የሚለውን አያቶቻችን ነግረውናል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ቆልማማ ዱላና ኳስ አየርላንድም አለ፣ ህንድም አለ፣ ግብፅ መቃብር ውስጥ ሥዕሉ ተገኝቷል። እረኛ ባለበት ሁሉ ዱላ አለ፣ ዱላ ባለበት ሁሉ አንድ ነገር ይመታል።

ለምን አልሆነም ብትሉኝ የኔ አስተያየት ይሄ ነው። ገና የበዓል ጨዋታ ነው። ታኅሣሥ 29 ላይ ይደምቃል፣ ከዚያ ዱላው ጣሪያ ላይ ይሰቀላል። ጃንሜዳ ላይ ባህላዊ ስፖርት ሆኖ ሕግ ወጥቶለት ይወዳደሩበታል፣ ያ ጥሩ ነው፣ ግን የራሱ መንገድ ነው። ወደ ሆኪ ልሻገር ብትል ዱላው ሌላ፣ ሕጉ ሌላ፣ ሜዳው ደግሞ ያ ውድ ምንጣፍ። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ የስፖርት መምህራችን ሆኪ ሊያስተምሩን ተነስተው ነበር። ዱላ ይገዛ ብለው ጻፉ። መልሱ ሲመጣ ሁለት የእጅ ኳስ ሆኖ መጣ። በነዚያ ኳሶች እስክንመረቅ ተጫውተንባቸዋል፣ አልዋሽም።

ሜዳማ አገር ነን። ከደብረ ብርሃን እስከ ሰላድንጋይ፣ ከእነዋሪ ወዲያ ያለውን ሜዳ ያየ ሰው ቦታ ጠፋ ሊል አይችልም። ሩጫ ደግሞ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ተወልደን አይቸግረንም። የጎደለው ሌላ ነው።

ቀጣዩ መቼ ነው?

የ2026ቱ ለቤልጅየምና ለኔዘርላንድስ ነው የተሰጠው፣ ዋቭርና አምስተልፌን ላይ፣ ወንዶቹም ሴቶቹም በአንድ ላይ፣ በኦገስት አጋማሽ የሚጀምር። በኛ ነሐሴ 2018፣ የቡሄ ሰሞን ማለት ነው። ክረምት ስለሆነ መብራት ሊያስቸግር ይችላል፣ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ።

ዱላውን ማየት ይቻላል?

ይቻላል። አንድ አለችኝ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ሲመጣ ይዞልኝ የመጣ፣ ቡና ቤቱ ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣለች፣ ጠይቃችሁ አንሱ።

የመንዙ አዛውንት ባለፈው መጥተው አነሷት። በእጃቸው መዘኗት፣ ቆልማማዋን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ በረንዳው ላይ የወደቀች የውኃ ክዳን አዩና በድቡልቡሉ በኩል ድብን አድርገው መቷት። ክዳኗ አስፋልቱን ተሻገረች። «አባባ፣ በዚያ በኩል አይፈቀድም፣ በጠፍጣፋው ብቻ ነው» አልኳቸው። ዱላዋን ገልብጠው አዩዋት፣ እኔን አዩኝ፣ ከባንኮኒው ጀርባ መልሰው አስቀመጧት። «እንግዲያውስ ግማሽ ዱላ ነው የሰጡህ» አሉኝ።